ከድሬ ሙቀት ወደ በረዶ አገር፦ የቡድን ጉብኝት በአሥር ኪሎ ሻንጣ

ኅዳር ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ደዋዩ ይለያያል፣ ጥያቄው አንድ ነው። «በቡድን ቱርክ ልንሄድ ነው፤ ብርዱ እንዴት ነው? ምን ልያዝ?» ለእያንዳንዱ ስናገር ግማሹን እረሳዋለሁ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ሻንጣ የሚያከብደው ብርዱ አይደለም፣ ፍርሃቱ ነው። እኛ ድሬ ላይ ካልሲ ማድረግ እንኳን ቅንጦት የሚመስለን ሰዎች፣ በረዶ ሲባል ቤታችንን ነቅለን ነው የምንጭነው። እኔም መጀመሪያ ስሄድ 23 ኪሎ ሞልቼ፣ ከዚያ በላይ አንድ ሰው የሚያህል ካፖርት በክንዴ ታቅፌ ወጣሁ። ቀጰዶቅያ (መሃል ቱርክ ያለች አካባቢ) ስንደርስ አውቶቡሱ ሆቴሉ በር ድረስ አይገባም ተባለ። ዳገቱን በድንጋይ ንጣፍ ላይ እየጎተትኩ ስወጣ የሻንጣዬ አንድ ጎማ ተነቀለና ቁልቁል እየተንከባለለ ሄደ። ስመለስ ቆጠርኩ። ከያዝኩት ልብስ አሥራ አንዱን አልነካሁትም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ10 ኪሎ ሄድኩ፣ ምንም አልጎደለብኝም።

ከዚህ በታች ያለው ከ8 እስከ 10 ቀን ለሚቆይ የቡድን ጉዞ ነው። ምሳሌዬ ቱርክ ናት፤ ወደ አውሮፓ ለምትሄዱም ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሚጎተት ሻንጣ 1፣ ባዶውን ከ3 ኪሎ ያልበለጠ
- ትንሽ የጀርባ ቦርሳ 1
- ተርማል (ሰውነት ላይ ልክክ የሚል የውስጥ ልብስ) ላይና ታች፣ 2
- የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ (ከለስላሳ ፀጉራም ጨርቅ የተሠራ ሹራብ) 2
- ላባ ወይም እሱን የመሰለ ሙሌት ያለው ቀላል ጃኬት 1
- ንፋስና ዝናብ የማያስገባ፣ ኮፍያ ያለው ስስ ጃኬት 1
- ሱሪ 2፣ ጂንስ ያልሆነ
- የውስጥ ሱሪ 5፣ ስስ ካልሲ 3፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲ 2
- ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ጓንት፣ የአንገት ሻርፕ
- ጫማ 1፣ ነጠላ ጫማ 1
- ሽርጥ 1 (አትሳቁ፣ እመጣበታለሁ)
- ቫዝሊን፣ የከንፈር ቅባት፣ የፀሐይ መነጽር
- የልብስ ሳሙና ቁራጭ፣ 2 ሜትር ሲባጎ፣ ፌስታል 6
- ቻርጀር፣ ፓወር ባንክ
- መድኃኒት ከነማዘዣው፣ ፓስፖርትና ኮፒው

ሴቶች ሰፋ ያለ ስካርፍ አንድ ጨምሩ። መስጊድ ስትገቡ ፀጉር መሸፈኛ፣ ውጭ ስትወጡ የአንገት ሻርፕ ይሆናችኋል።

1. ከሻንጣው በፊት ፕሮግራሙን አንብቡ

«ብርድ» አንድ ዓይነት አይደለም። ኢስታንቡል በፈረንጆች ጃንዋሪ ቀን ቀን 8 ወይም 9 ዲግሪ፣ ሌሊት 3 ወይም 4 ገደማ ነው። ቁጥሩ አያስፈራም። ግን ይዘንባል፣ ከባሕሩ የሚመጣውም ንፋስ ልብስ ሰንጥቆ ይገባል። እዚያ የሚያስፈልገው ንፋስና ውሃ የሚከለክል ነው። ቀጰዶቅያ ደግሞ ሌሊቱን ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ በረዶም ይጥላል። የሚገርመው ከፍታዋ ከድሬዳዋ ብዙም አይለይም፤ ሁለቱም ከ1,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ያሉ ናቸው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ሆነን ነው እንጂ።

ከፕሮግራሙ ላይ ሁለት ነገር አስምሩበት። አንደኛው ከፀሐይ በፊት ውጭ የምትቆሙበት ቀን ነው፤ ለምሳሌ በሞቃት አየር በሚንሳፈፍ ባሉን መጓዝ ካለ ጨለማ ውስጥ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ፣ የጉዞው ሁሉ ብርድ ያቺ ሰዓት ናት። ሁለተኛው ሆቴል የምትቀይሩበት ቀን ነው። ሆቴል በቀየራችሁ ቁጥር ሻንጣ ትፈታላችሁ፣ ታስራላችሁ፣ ደረጃ ትወጣላችሁ። አምስት ሆቴል ማለት አምስት ጊዜ ነው።

2. ሻንጣውን አስቀድማችሁ ምረጡ

ብዙ ሰው ልብሱን ከምሮ ለክምሩ የሚሆን ሻንጣ ይፈልጋል። ገልብጡት። ትልቅ ሻንጣ ባዶውን እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፣ ባዶ ቦታ ሲታያችሁ ደግሞ እጃችሁ አያርፍም፣ ትሞሉታላችሁ። ትንሽ ሻንጣ ለአደራ ሰጪም መልስ ናት። እሱን ከታች አነሳዋለሁ።

ጎማውን አሽከርክራችሁ እዩ፣ እጀታውን ሳብ መለስ አድርጉ። ዚፑ ከተጠራጠራችሁበት ሐረር መኪና ግርግር (የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ) ይዛችሁ ሂዱና አስቀይሩት። እግረ መንገዳችሁን ሰፊዎቹ በጃኬታችሁ ውስጥ ለፓስፖርትና ለገንዘብ የምትሆን ዚፕ ያላት ኪስ ይስፉላችሁ። ከሠራኋቸው ብልህ ሥራዎች ይቺ ኪስ አንዷ ናት፤ ቦርሳ እየከፈትኩ ከሰው መሃል አልበረብርም።

3. ጫማውን ከወር በፊት ግዙ

እዚህ ላይ አትቆጥቡ፣ አትቸኩሉ። ሌላው ልብስ ሁሉ ቢጎድል ይሸፈናል፣ እግር ከቀዘቀዘ ግን ጉብኝቱ አለቀ።

ጫማ ስትለኩ ማታ ለኩ፣ እግር ማታ ትንሽ ያብጣልና። ስስና ወፍራም ካልሲ ደርባችሁ ለኩ። ጣታችሁ ከፊት እንደ ልብ ካልተንቀሳቀሰ በአንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጫማ ሲጠብ ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፣ ሙቀት የሚያመጣላችሁ ደግሞ ደሙ ነው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ በልኬ በገዛሁት ጫማ ውስጥ ሦስት ካልሲ ጠቅጥቄ ገባሁበት። ካልሲ በጨመርኩ ቁጥር እግሬ የበለጠ ይደነዝዛል! ማታ ክፍሌ ገብቼ ሁለቱን ሳወልቅ ነው የሞቀኝ።

ሶሉ ወፍራምና ጥርስ ያለው ይሁን፤ ለስላሳ ሶል በረዶ ላይ ያንሸራትታል። ማሰሪያው ቶሎ የሚፈታ ይሁን። ኢስታንቡል ሱልጣን አህመድ መስጊድ ስትገቡ ጫማ ይወልቃል፣ አርባ ሰው ቆሞ እየጠበቃችሁ ረጅም ክር ስትፈቱ ያሳፍራል። የተቀደደ ካልሲም እንዲሁ።

ከዚያ አለማምዱት። ሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈላና በር ገብታችሁ በየጠባቡ መንገድ ሁለት ሰዓት ውጡ ውረዱ፤ አዲስ ጫማ የሚልጥ ከሆነ እዚያው ይነግራችኋል።

4. ልብሱን ደርቡ እንጂ አታወፍሩ

ጋቢ ለምን ይሞቃል? አራት ድርብ ስለሆነ ነው። የሚያሞቃችሁ ጥጡ ብቻ አይደለም፣ በድርቦቹ መሃል የተያዘው አየር ነው። ሰውነታችሁ አየሩን ያሞቀዋል፣ አየሩ ቦታውን እስካለቀቀ ሙቀቱን ይዞላችሁ ይቆያል። የበረዶ አገር አለባበስ ሌላ ምሥጢር የለውም። ድርቦቹን ለየብቻ ትለብሳላችሁ፣ ሲሞቃችሁ አንዱን ታወልቃላችሁ፣ ያው ነው።

ታዲያ ጋቢውን ራሱን ለምን አንይዝም? ጥጥ ስለሆነ። ጥጥ እርጥበት ይጠጣል፣ ከጠጣ በኋላ ቶሎ አይለቅም፣ ሰውነት ላይ ተለጥፎ ሙቀት ይመጥጣል። ቦታውም ግማሽ ሻንጣ ነው። ጋቢ ለቤት ነው።

አደራረቡ እንዲህ ነው፦

ሰውነታችሁ ላይ ተርማሉ ይግባ። ሥራው ላብን ከቆዳ ላይ ማንሳት ነው። ከሥሩ የጥጥ ቲሸርት አትልበሱ፣ ልፋቱን ሁሉ ታበላሹታላችሁ። ቀጥሎ ሹራቡ ወይም ፍሊሱ። ሱፍ ቢረጥብም በተወሰነ ደረጃ ያሞቃል፣ ፍሊስ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ የላባው ጃኬት። እሱ የታሰረ አየር ማለት ነው፤ ተጠቅልሎ የዳቦ ያህል ይሆናል፣ ሲለበስ ይነፋል። አንድ ድክመት አለበት፤ ላባ ከረጠበ ይጣበቅና ማሞቁን ያቆማል። ስለዚህ ሲዘንብ ወይም ሲነፍስ ከላይ ስሱን ጃኬት ደርቡበት። ያ ስስ ጃኬት ብቻውን አያሞቅም፤ በር ጠባቂ ነው።

አራቱንም ለብሳችሁ ክንዳችሁን ወደ ላይ አንሱ፣ ቁጢጥ በሉ። ከጠበባችሁ አየሩ ተጨፍልቋል ማለት ነውና የላይኞቹን ሰፋ አድርጉ።

አንድ ወፍራም ካፖርት ለምን አይበቃም ለምትሉ፦ ሆቴሉም፣ አውቶቡሱም፣ ምግብ ቤቱም ማሞቂያ አለው። ካፖርቱን ለብሳችሁ ከገባችሁ ያልባችኋል፣ አውልቃችሁ ከያዛችሁ ክንዳችሁ ይዝላል፣ ያላበው ሰውነት ውጭ ሲወጣ ደግሞ ከማንም በፊት ይንቀጠቀጣል።

ስለ ግዢው፣ ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ዞር ዞር በሉ። ከሰልባጅ ነጋዴዎችም ጠይቁ፣ ላባ ጃኬት በብዛት ከሰልባጅ ውስጥ ነው የሚወጣው። ድሬ ላይ ወፍራም ጃኬት የሚፈልግ ሰው ጥቂት ስለሆነ ሻጩ ሲያያችሁ ይደሰታል፣ ዋጋውንም ይቀንሳል። ስትገዙ በጣታችሁ ጨምቁትና ልቀቁት። ተመልሶ ከተነፋ ደህና ነው፤ ሙሌቱ ጥግ ጥግ ላይ ከተጠቀለለ ተዉት።

5. አልጋ ላይ ዘርጉና ቀንሱ

የምትይዙትን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርጉ። የላይኞቹ ልብሶች ከሁለቱም ሱሪዎች ጋር የሚሄዱ ይሁኑ፣ ከአንድ ሱሪ ጋር ብቻ የሚሄድ ነገር ይመለስ። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ ጠይቁ፤ «የትኛው ቀን ነው የምለብሰው?» ቀን ካልጠራችሁለት ይውጣ። «ምናልባት» የሚባል ቀን ፕሮግራሙ ላይ የለም።

ፎቶ ላይ ሁሌ አንድ ልብስ ለብሼ እታያለሁ የምትሉ አሉ። ልክ ናችሁ፣ ከላይ ያለው ጃኬት አንድ ስለሆነ ሌላ አሥር ሹራብ ብትይዙም አይታይም! ሻርፕና ኮፍያ ቀይሩ፣ እነሱ ክብደት የላቸውም።

አሁን ሽርጡ። ከቤት ስወጣ ያልተውኩት የድሬ ዕቃ እሱ ብቻ ነው። ማታ የመኝታ ልብስ፣ ከሻወር በኋላ ፎጣ፣ አውቶቡስ ውስጥ ትራስ ይሆናል። ስስ ስለሆነ ደግሞ ማሞቂያ ያለው ክፍል ውስጥ ቶሎ ይደርቃል።

6. እጥበቱን ዕቅድ ውስጥ አስገቡ

ሁለት ተርማል ለ10 ቀን የሚበቃው እየታጠበ ነው። ማታ አንዱን በሳሙናዋ ቁራጭ እጠቡ። አትጨምቁት፣ ቅርጹ ይጠፋል። የሆቴሉን ደረቅ ፎጣ መሬት ላይ ዘርጉ፣ ልብሱን በላዩ አንጥፉ፣ እንደ ምንጣፍ ጠቅልሉና ቁሙበት። ፎጣው ውሃውን ይጠጣዋል። ከዚያ በሲባጎው ላይ ስቀሉት፣ ጠዋት ደርቆ ታገኙታላችሁ።

ማሞቂያው አጠገብ እንጂ በላዩ አትስቀሉ። በተለይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ ልብስ መጣል እሳት ያስነሳል። ሹራብና ጃኬት አይታጠቡም፣ መስኮት አጠገብ አየር ይምታቸው፣ በቂ ነው።

7. ቅባት፣ መድኃኒትና ባትሪ

በእጅ ቦርሳ የሚገባ ፈሳሽና ቅባት እያንዳንዱ ከ100 ሚሊ ሊትር ባልበለጠ ዕቃ፣ ሁሉም አንድ ሊትር በምትይዝ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ይሁን። ሻምፑ ሆቴል አለ። ቫዝሊን ግን አትርሱ። የብርድ አገር አየር ደረቅ ነው፣ ማሞቂያው ደግሞ የባሰ ያደርቀዋል፤ በሁለተኛው ቀን ከንፈርና የእጅ ጀርባ ይሰነጠቃል።

መድኃኒት በእጅ ቦርሳ፣ በራሱ ካርቶን፣ ከነማዘዣው። ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ። ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ይበላሻል፣ ቢቀልጥም አይሠራም። ውጭ ስትውሉም ከጃኬት በታች፣ ከውስጠኛው ኪስ ይሁን።

ፓወር ባንክ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው። ሊቲየም ባትሪ እሳት ካነሳ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ የሚያየው የለም። በእጅ ያዙት፣ እስከ 100 ዋት ሰዓት ይፈቀዳል፤ ጀርባው ላይ ከ20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የማይበልጥ ቁጥር ካለ ችግር የለም። ስልካችሁንም ከሰውነታችሁ አጠገብ ያዙ፣ ባትሪ ሲቀዘቅዝ ቻርጅ እያለው ሊጠፋ ይችላል። ቱርክ ሶኬቱ ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ነው፣ የኛ ቻርጀር ይገባል፣ መቀየሪያ አትግዙ።

8. ከቡድኑ ጋር ተከፋፈሉ

ሃያ ሰው ሃያ የፀጉር ማድረቂያ ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተነጋገሩ። አንዱ ኤክስቴንሽን ገመድ፣ አንዱ የራስ ምታትና የሆድ መድኃኒት፣ አንዱ መርፌና ክር፣ አንዱ ትንሽ የሻንጣ ሚዛን ይያዝ። ክፍል የምትጋሩ ሁለት ሰዎች የጥርስ ሳሙና እንኳን አንድ ይበቃችኋል።

9. ጠቅልሉ፣ ክፈሉ፣ መዝኑ

ልብሱን ጠቅልላችሁ በዓይነት በዓይነቱ በፌስታል ክፈሉ። አየሩን በክንዳችሁ ጫኑና አስወጡ። ከባዱ ከጎማው በኩል፣ ቀላሉ ከላይ ይግባ፤ አለበለዚያ ሻንጣው ስትለቁት ይወድቃል። አንድ ተርማልና ካልሲ የእጅ ቦርሳ ውስጥ አስቀሩ፣ የተጫነው ሻንጣ ቢዘገይ ያን ሌሊት ያድናችኋል።

ሚዛን የላችሁም? የድሬው ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ሚዛን ዘርግተው ሰው የሚመዝኑ ልጆች አሉ። መጀመሪያ ብቻችሁን፣ ከዚያ ሻንጣውን ታቅፋችሁ ውጡ፣ ልዩነቱ የሻንጣው ነው። አንዱ ልጅ ሁለት ጊዜ ስለመዘነኝ የሁለት ሰው አስከፈለኝ፣ ሂሳቡ ገብቶታል! 10 ኪሎ ካለፈ ወደ ቁጥር 5 ተመለሱ። ብዙ አየር መንገዶች የሚጫን 23 ኪሎ፣ የእጅ 7 ኪሎ ይፈቅዳሉ፣ ትኬታችሁ ላይ ያለውን እዩ። የተፈቀደ ሁሉ ግን አይሞላም፣ ስትመለሱም ዕቃ አለ።

10. አንድ ምሽት ደንገጎ ላይ ሞክሩት

ድሬ ላይ ሆናችሁ ልብሱን መሞከር አትችሉም፣ ትቀልጣላችሁ። ሙሉውን ይዛችሁ ወደ ማታ ደንገጎ፣ ወደ ሐረር በሚያወጣው መንገድ ያለው ከፍታ ላይ፣ ውጡ፣ ንፋስ ያለበት ቦታ ሃያ ደቂቃ ቁሙ። በረዶ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን በየት በኩል ንፋስ እንደሚገባባችሁ ታገኙታላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንገት፣ የእጅ አንጓና ወገብ ናቸው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የምታድሩ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ፈተና የላችሁም።

11. የጉዞው ቀን

ከባዱን ጫማና ከባዱን ሱሪ ለብሳችሁ ሂዱ። ጃኬቱን በቦርሳው ማንገቻ ላይ እሰሩት። ድሬ አየር ማረፊያ ላይ ሰው ያያችኋል፣ ይይ።

ማስጠንቀቂያ

አደራ፦ ያላያችሁትን፣ ራሳችሁ ያላሸጋችሁትን ዕቃ አትቀበሉ። ሻንጣው በስማችሁ ነው፣ ውስጡ ለሚገኘው ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። ንጹሕ አደራም ቢሆን ይከብዳል። አንዲት ጎረቤቴ «ልጄ፣ ትንሽ በርበሬ ናት፣ ኢስታንቡል ያለችው የእህቴ ልጅ ትመጣና ትወስዳለች» አሉኝ። ልጅቷ ሥራ በዝቶባት አልመጣችም፣ እኔም አራት ኪሎ በርበሬ ተሸክሜ አራት ከተማ ዞርኩ። አሁን ትንሿን ሻንጣ አሳያለሁ፣ ሰው ራሱ ይተዋል።

ጫት፦ እኛ ጋ የቀትር ነገር ነው፣ በብዙ አገር ግን የተከለከለ ዕፅ ነው። እንግሊዝና ሆላንድም ሳይቀሩ ከልክለውታል። ከኪስ ውስጥ የቀረች ቅጠል እንኳን እንዳትኖር አራግፉ።

ቅቤና ቋንጣ፦ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይፈቀድም። ይወሰድባችኋል። ቆሎ ያዙ።

ጣት ሲደነዝዝ፦ ጣት ወይም ጆሮ ነጥቶ ስሜት ካጣ በበረዶ አትሹት፣ እሳት ወይም ማሞቂያ ላይም አታስጠጉት። የደነዘዘ ቆዳ ቃጠሎ አይሰማውም። ቤት ገብታችሁ ብብት ውስጥ ወይም ለብ ባለ ውሃ አሙቁት። ስሜቱ ካልተመለሰ ለአስጎብኚው ተናግራችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሰው የሚሳሳትባቸው

- ጂንስ ይዞ መሄድ። ጥጥ ነው፣ ከረጠበ ቀኑን ሙሉ እንደረጠበ ይውላል።
- «እዚያ እገዛለሁ» ብሎ ባዶ እጅ መሄድ። የቡድን ጉዞ ገበያ የሚያወጣችሁ ምናልባት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ብርዱ ግን አየር ማረፊያው በር ላይ ይቀበላችኋል።
- ከበረደኝ በኋላ እለብሳለሁ ማለት። ከአውቶቡስ ከመውረዳችሁ በፊት ልበሱ። ጃኬት ሙቀት ያቆያል እንጂ አይፈጥርም፣ ቀዝቅዛችሁ ከለበሳችሁት ለመሞቅ ብዙ ትቆያላችሁ።
- ውሃ አለመጠጣት። ብርድ ላይ ጥማት አይሰማም፣ ራስ ምታቱ ግን ይመጣል።
- አስጎብኚው «ሰባት ሰዓት» ሲል በኛ ሰባት ሰዓት መተርጎም። የእሱ ሰባት የኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ከእኛ መሃል አንዱ ተኝቶ ቀርቷል፣ ስሙን አልናገርም።

12. ስትመለሱ

ጃኬቱን እንደታጠፈ ቁም ሳጥን አትክተቱት። እርጥበት ካለበት ሙሌቱ ይሻግታል። ጥላ ውስጥ ዘርግታችሁ አንድ ቀን አየር ይምታው፣ ከዚያ ሳትጨፈልቁ ስቀሉት። ድሬ ላይ የምትለብሱበት ቀን የለም፣ ስለዚህ አውሱት። የእኔው ጃኬት ከእኔ በላይ አገር አይቷል። አሁንም ቤት የለም፤ ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይዛው ሄዳለች፣ ከውስጥ ኪሱ ጋር።